ምርጥ ዘር የሚጠቀም እጅ ያውጣ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚያች ቀበሌ ብሪቱን የማያውቅ ሰው የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥቁር ቦት ጫማ ተጫምታ፣ ያንኑ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ አንግታ ከማሳ ማሳ ዞራለች። ሰዉ «የልማቷ» ይላታል፤ የግብርና ልማት ሠራተኛ መሆኗን ሲያሳጥሩት ነው። ባቢከር የሚባለው ጎረቤቷ፣ ኩርሙክ ገበያ ሲመላለስ አማርኛውም ቀልዱም የሰላለት ሰው፣ «እኛ ልማቱን አላየነውም እንጂ የልማቷንማ በየቀኑ እናያታለን» እያለ ያበሽቃታል። እሷም ትስቃለች። ሳቋ ግን መሀል ላይ ይቋረጣል።

የተወለደችው ባምባሲ ነው። አባቷ ከወለጋ መጥቶ እዚያው በቆሎ ሲያርስ የኖረ፣ እሑድ እሑድ የጸሎት ቤቱን ቁልፍ የሚይዝ ዝምተኛ ሰው ነበር። ልጁ ግብርና ኮሌጅ ገባች ሲሉት «አፈር ደግሞ ትምህርት ቤት አለው?» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሣም። በዲፕሎማ ተመርቃ እዚህ ቀበሌ ስትመደብ ሦስት ሆነው ነበር የመጡት። የእንስሳቱ ባለሙያ አግብቶ ወደ ግልገል በለስ ተዛወረ። የተፈጥሮ ሀብቱ ባለሙያ አንድ ቀን ለስብሰባ እንደ ወጣ ቀረ። በምትካቸው ሰው አልመጣም። ስለዚህ ላም ሲታመምም፣ እርከን ሲናድም፣ ሰብል ሲደርቅም የምትጠራው ብሪቱ ሆነች።

የቀበሌው ሰው ቤቱ ውስጥ በርታኛ ነው የሚናገረው። አማርኛ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ነው። ለምሳሌ ዐፊፋ፣ የባቢከር ታላቅ እኅት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም። ብሪቱን ባገኘቻት ቁጥር «አንተ ብሪቱ፣ በላህ?» ነው የምትላት። በመጀመሪያው ዓመት ብሪቱ «አንቺ ነው የሚባለው እማማ ዐፊፋ» እያለች ታርማት ነበር። ዐፊፋም «ጠይብ»፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ትልና «ታዲያ በላህ?» ብላ ትቀጥላለች። በሁለተኛው ዓመት ብሪቱ ማረሟን ተወችው። አሁንማ ሰው «አንቺ» ሲላት ባዳ የሆነች ይመስላታል።

ይህቺን ዐፊፋን ማወቅ ማሽላዋን ማወቅ ነው። ማሽላዋ ቁመቱ ሰው ውጦ የሚያስቀር፣ ቀላ ያለ፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ወፍ የማይደፍረው ነው። ከአጨዳው በፊት አንድ ጠዋት ብቻዋን ማሳው ውስጥ ትገባለች። በዚያን ቀን ከሰው ጋር የተጣላች ከሆነ አትገባም፤ እናቷ እንዲህ አስተምራታለች። ዛላውን አንድ በአንድ እየዳበሰች፣ ደኅናውን ስታገኝ አገዳውን በሣር ታስርበታለች። ሣር የታሰረበትን ዛላ ማንም አይበላውም። እሱ ማድቤት ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው በላይ ይሰቀልና ጭሱ ነቀዝ እየከለከለለት እስከ ግንቦት ይቆያል። በቀበሌው ያሉ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የዐፊፋን እጅ ያህል የሚታመን ግን የለም።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ጥር ነው።

ክልሉ ለገበሬው የሚሰጠውን የኤክስቴንሽን አገልግሎት በአዲስ ፖሊሲ ሊያደራጅ ነው ተባለ። ለዚያ መነሻ የሚሆን ቅጽ ለየቀበሌው ወረደ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራና እማወራ በአራት ቀን ተጠይቆ ይመለስ። በዚያ ሳምንት ብሪቱ ወባ ይዟት ነበር። ቤት ለቤት ልትዞር ሞከረች፤ በሁለተኛው ቀን አቃታት። በሦስተኛው ቀን ሰዉን በገበሬዎች ማሠልጠኛው ግቢ ባለው ማንጎ ሥር ሰበሰበችና ቅጹን እንዳለ አነበበችላቸው። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ ደረሰች።

«ምርጥ ዘር የሚጠቀም እጅ ያውጣ።»

ግቢው በሙሉ እጅ ሆነ። ዐፊፋማ ሁለቱንም ነበር ያነሣችው።

ብሪቱ በቢሮ ቋንቋ ምርጥ ዘር ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ በምርምር የተሻሻለ፣ በጆንያ ታሽጎ ከመጋዘን የሚመጣ ዘር ነው። ሰዎቹ ደግሞ ቃሉን የሰሙት እንዳለ ነው። የተመረጠ ዘር። ያንን ታዲያ በዚህ ቀበሌ የማይጠቀም ማን አለ? ሣር ያሰሩበት፣ ጭስ ያጠኑት፣ በእጃቸው የመረጡት ዘር ነው።

ይህን ወዲያው አልተረዳችም ብሎ መማል ይከብዳል። እጆቹን ስትቆጥር አንድ ነገር ከንክኗት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለጥቂት ሰዎች የበቆሎ ዘር መጥቶ እንደነበር ትዝ አላት፤ ምናልባት ከዚያ አባዝተው ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። ጭንቅላቷ ይፈላ ነበር። ቅጹ ነገ መድረስ ነበረበት። ሁለት መቶ ዘጠና ሦስት ብላ ጻፈች፤ ከመቶ ዘጠና አራት። ፈረመች። ሊቀመንበሩ ማኅተም መታበት።

በመጋቢት አሶሳ አዳራሽ ውስጥ የቀበሌዋ ስም ተጠራ። ጭብጨባ ነበረ። የምስጋና ወረቀት ሰጧት፤ ስሟ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። በዚያን ዕለት ተነሥታ «ቆይ፣ አንድ ነገር ላጣራ» ብትል ይቻል ነበር። አልተነሣችም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር ሰው ያጨበጨበላት።

ፖሊሲው ሲወጣ ክፉ አልነበረም። እንዲያውም ብሪቱ አንብባ ወደደችው። ዘርም፣ ኖራም፣ ባለሙያም አስቀድሞ ለራቀው ይድረስ፤ የደረሰለት ላልደረሰለት ይልቀቅ ይላል። ቀበሌዎቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ተብለው ተለዩ። ቀይ የሆነው ድጋፍ ይሄድለታል። አረንጓዴው ራሱን ችሏል። የብሪቱ ቀበሌ በሰንጠረዡ አናት ላይ፣ እንደ ለምለም ቅጠል አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች።

ግንቦት ላይ ሰዉ ዘራ። ቡቃያው ወጣ፤ አማረ። ከዚያ ዝናቡ ሦስት ሳምንት ጠፋ። የተረፈውን ደግሞ ተምች መጥቶ ልቡን ልቡን በላው። ብሪቱ ቡቃያውን እየፈለቀቀች ትሉን በጣቷ ስትጨፈልቅ ባቢከር ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ያ ብሪቱ» አላት እንደ ዓረብኛው አጠራር፤ «ይሄ ትል የእናንተ ቢሮ ሠራተኛ ነው እንዴ?»

«ለምን?»

«አንድም ማሳ ሳይዘል ሁሉንም ጎበኘ። እንደዚህ ዓይነት ትጉህ ሠራተኛ ከወረዳ መጥቶልን አያውቅም።»

በዚያን ቀን ግን ሁለቱም አልሳቁም።

እንደገና መዝራት ያስፈልግ ነበር። ዐፊፋ ማድቤቷ ውስጥ የሰቀለችውን መጠባበቂያ አወረደችና ለጎረቤት አካፈለች፤ የዘሩት ያንኑ ነው፤ ያንንም በሁለተኛው ሳምንት ተምች በላው። ቢተርፍም እንኳ የእሷ ማሽላ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ሰኔ ካለቀ በኋላ ለሚዘራ ሰው ቶሎ የሚደርስ ዘር ነው የሚያስፈልገው። ያ ዘር ደግሞ ወረዳ መጋዘን ውስጥ አለ፤ ለቀይ ቀበሌዎች የመጣ። የሐምሌ አጋማሽ ካለፈ ማሽላ መዝራት አፈር ማስጨነቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው እስከ መጪው ዓመት ባዶ ጎተራ ማየት ነው።

ብሪቱ ሰኔ ሃያ ስድስት ቀን በጭነት መኪና ተሳፍራ ወረዳ ሄደች። የዕቅድ ባለሙያው ደባልቄ በዕድሜ የገፋ፣ በሠፈራ ጊዜ በወጣትነቱ ከወሎ የመጣ፣ ሰው የማይጠላው ሰው ነው። ከጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ጋሼ ደባልቄ፣ ያ ቁጥር ስሕተት ነው።»

«የትኛው?»

«ዘጠና አራቱ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ፊርማው የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማኅተሙስ?»

«የቀበሌው።»

«እንግዲያው ስሕተት አይደለም» አለ።

ሁሉንም ነገረችው። ወባውን፣ ማንጎውን፣ እጆቹን፣ ሣር የታሰረበትን ዛላ። ደባልቄ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገው።

«ዋሽተዋል ማለት ነዋ?»

«አልዋሹም! አማርኛው የሚለውን ነው የመለሱት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አየሽ ብሪቱዬ» አለ በረጅሙ ተንፍሶ፣ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የወረቀት ወለምታማ ወጌሻም የለው። ያ ቁጥር ከኔ ጠረጴዛ ወጥቶ ዞን ሄደ፤ ከዞን ክልል፤ ከክልል ፖሊሲው ውስጥ ገባ። አሁን እኔ በላጲስ ላጠፋው አልችልም።»

በመስኮቱ መጋዘኑ ይታያል። በሩ ተከፍቶ ሠራተኞች ጆንያ ይቆልሉ ነበር። ደባልቄ ዓይኗ የት እንዳለ አየ።

«እሱ ነው» አለ። «ማየት ትችያለሽ። እኔ ራሴ በየቀኑ አያለሁ።»

ይሁንና እንዲሁ አልሰደዳትም። የማጣሪያ ጥያቄ በራሱ እጅ ጻፈላት። ከክልል አንድ መረጃ ሰብሳቢ ይመጣል፤ በዕጣ የወጡ አሥራ ሁለት ቤቶችን ይጠይቃል፤ የተለየ ውጤት ከተገኘ ቀበሌው በሳምንት ውስጥ ወደ ቀይ ይዛወራል፤ ዘሩም ይለቀቃል። «ሰዎችሽን ንገሪያቸው» አላት ደባልቄ ሲሸኛት። «እውነቱን ብቻ ይናገሩ።»

ብሪቱ ነገረቻቸው። እንደገና ማንጎው ሥር ሰበሰበቻቸውና እየለመነች አስረዳች።

«እነሱ ምርጥ ዘር ሲሉ በጆንያ የሚመጣውን ነው። የመንግሥትን። እናንተ ጋ እሱ የለም። ስለዚህ ምርጥ ዘር ትጠቀማላችሁ ወይ ሲሏችሁ የለንም በሉ። በቃ። የለንም።»

«ጠይብ» አለ ሰዉ።

ዐፊፋ ግን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ታስብ ነበር። «አንተ ብሪቱ፣ የኔ ዘር ምርጥ አይደለም?»

«የእርስዎማ ምርጥ ነው እማማ ዐፊፋ። ወረቀቱ ላይ ግን ምርጥ አይባልም።»

«ወረቀቱ ማሽላ ያውቃል?»

ሰዉ ሳቀ። ብሪቱም አብራ ሳቀች፤ ነገሩ የገባቸው መሰላት።

መረጃ ሰብሳቢዋ ሐምሌ ሦስት ቀን መጣች። ሐኒ ትባላለች፤ ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰች ዓመት ያልሞላት፣ ትሑት ልጅ። ታብሌቷን ከዝናብ ለመከላከል በፌስታል ጠቅልላዋለች፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ለብሪቱ በአክብሮት ነገረቻት፤ ልማት ሠራተኛ በመጠይቁ ጊዜ አጠገብ መሆን አይፈቀድላትም፤ መልስ ታስቀይራለች ተብሎ ይፈራል። ብሪቱ እሺ አለች። ምን ልትል ትችላለች? ከየቤቱ ራቅ እያለች ትከተላት ጀመር።

ስድስተኛው ቤት የዐፊፋ ነበር። ብሪቱ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሸምበቆ አጥር ድምፅ አይከለክልም፤ ሁሉም ይሰማታል። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት። ከዚያ ሐኒ አነበበች።

«በዚህ የምርት ዘመን ምርጥ ዘር ተጠቅመዋል?»

ዶሮ ጮኸች። ብሪቱ ከድንጋዩ ተነሥታ አጥሩን ተጠጋች። *የለም በይ። አንድ ቃል ነው። የለም።*

«ምርጥ ስትል ምን ማለት ነው?» አለች ዐፊፋ።

«ይቅርታ እናቴ፣ መተርጎም አይፈቀድልኝም። እንዳለ ነው የማነበው።» ደግማ አነበበችው፤ ቀስ አድርጋ፣ አንድም ቃል ሳትቀይር።

በአጥሩ ቀዳዳ ብሪቱ ዐፊፋን አየቻት። ወደ ማድቤቱ ጣሪያ ቀና ብላ ነበር። ከምድጃው በላይ ጭስ ያጠቆራቸው ሁለት ዛላዎች ብቻ ቀርተዋል።

«አዎ» አለች ዐፊፋ። «ምርጥ ነው። እናቴ መረጠ፣ እኔ መረጠ። ምርጥ ነው።»

ሐኒ የታብሌቷን መስታወት በጣቷ ነካ አደረገችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ሐኒ ወጥታ ስትሄድ ብሪቱ ገባች። «እማማ ዐፊፋ፣ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነገርከኝ» አለች ዐፊፋ። አንገቷን አልደፋችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «ሰማሁ። ወላሂ የለም ልል ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ግን ዘሩ እዚያ ተሰቅሎ ይሰማል። ዘር በሰደበው ሰው እጅ አይበቅልም፤ እናቴ እንዲህ አለ። አሁን እኔ ሁለት ዛላ ቀረኝ፤ እሱን ልስደብ?»

ብሪቱ ወደ ሁለቱ ዛላዎች ቀና ብላ አየችና ሐኒን ተከትላ ወጣች።

የቀሩት ስድስት ቤቶች ተጠየቁ። ማታ ሊሆን ሲል ሐኒ ማሠልጠኛው በረንዳ ላይ ውጤቱን አሳየቻት፤ አሥሩ አዎ ብለዋል። ብሪቱ አላመነችም። ዐፊፋስ ይሁን፤ ሌሎቹ ምን ነክቷቸው ነው? ባቢከርን ልታገኘው ሄደች። በረቱ ደጃፍ ላይ ገመድ ይገምድ ነበር።

«አንተስ ምን አልካት?»

«አዎ ነዋ ያልኩት።»

«ባቢከር! የለም በሉ ብዬ አልለመንኳችሁም?»

ገመዱን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ስሚኝ የልማቷ። አንቺ ዘጠና አራት ብለሽ ጽፈሻል። ፈርመሻል። እኛ የለም ብንል ማን ነው የዋሸው? አንቺ ነሽ። ከሥራ ያባርሩሻል፤ ምናልባት ያስሩሽማል። ተመካከርን። ማሽላ የዘንድሮው ቢቀር የሚመጣው ዓመት አለ። የልማት ሠራተኛ ግን ከሦስት አንድ ነው የቀረን። እሷንም እንጣላት?»

ብሪቱ በረቱ አጥር ላይ ተደገፈች። ሊያድኗት ነበር። ዘራቸውን ሰጥተው እሷን ሊያተርፉ ነበር።

ወደ በረንዳው ተመልሳ ሐኒን ለመነቻት። ልጅቷ ሁሉንም ሰማች፤ ዓይኖቿም ቀሉ። «አምንሻለሁ፤ ወላሂ አምንሻለሁ» አለች፤ ቃሉን ከሰዎቹ ለምዳው ይሆናል። «ግን አንዴ ከተመዘገበ እኔ መቀየር አልችልም። መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ራሱ ይልከዋል።» ከዚያም አንገቷን ደፍታ አንድ ወረቀት አወጣች። መጠይቁ ያለ ማንም ጣልቃ ገብነት መካሄዱን ልማት ሠራተኛዋ የምታረጋግጥበት ነበር። ብሪቱ ፈረመች። እውነት ነውና። ጣልቃ አልገባችም።

ደባልቄ ከአምስት ቀን በኋላ ደወለላት። ሰላምታው ረዘመባት። «ተረጋግጧል ብለው ጻፉልኝ» አላት በመጨረሻ። «ቁጥሩ ጸና።» ሌላም ነበረው፤ ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እሷ ወደ ሌላ ቀበሌ፣ ወደ ቀይ፣ ተመድባለች። ራሱን ለቻለ ቀበሌ ባለሙያ አያስፈልግም። «ለእነሱም ታስፈልጊያቸዋለሽ እኮ እህቴ» አለ፤ ልክ ነበር፤ እነዚያም ሰዎች ናቸው። ለባቢከር እንዴት ትነግረዋለች?

በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ከኩርሙክ በኩል ደመናው ጠቁሮ ተነሣና ሌሊቱን ሙሉ፣ ሳያቋርጥ፣ ምድርን አርክቶ ጣለ። በማግሥቱ ጠዋት ብሪቱ በቀበሌው አለፈች። እንዲህ ያለ አፈር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አላየችም። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ውኃውን ጠጥቶ ያበጠ፣ ዘር የሚለምን። ማሳዎቹ ሁሉ እንደዚያው ነበሩ። በየደጃፉ ሰዎች ቆመው ያዩታል። የሚያደርጉት ስለሌላቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ያዩታል።

ማሳ ውስጥ የነበረች አንዲት ሴት ብቻ ነች። ዐፊፋ ሁለቱን ዛላ በእጇ ፈልፍላ፣ ጥግ ላይ ከአንድ ምንጣፍ የማትበልጥ ቦታ በመቆፈሪያ እየወጋች ፍሬውን ትጥላለች፤ በእግሯ አፈር ትመልሳለች።

ብሪቱ ተጠጋቻት። «እማማ ዐፊፋ፣ ይሄ እኮ ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ዝናቡ ሳይጨርሰው ይወጣል።»

«አውቃለሁ።»

«ቢደርስስ ማንን ያበላል?»

«ማንንም» አለች ዐፊፋ ሳትዞር። «ለመብላት አይደለም። ዘሩ ሄዶ እንዳይቀር ነው።» ቀና አለችና እንደ ሁልጊዜው ጠየቀቻት። «በላህ?»

ብሪቱ አልበላችም ነበር። መዛወሯን ሳትነግራት ቦት ጫማዋን አውልቃ ከማሳው ዳር አቆመችው፤ ዐፊፋ የጣለችውን ፍሬ በእግሯ አፈር እየመለሰች ተከተለቻት። ሥራው ብዙ አልነበረም። ጥቂት እርምጃ ሄደው አለቀ።